የዳማው ግራ እግር

በጨፌ ሜዳ ዙሪያ ሰው ሲወነጃጀል የምትነገር አንዲት አባባል አለች። ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያማ፣ አማት በምራቷ ላይ ስታማርር፣ አስተማሪ አንዱን ልጅ «ሰነፍ» ብሎ ከክፍል ሲያባርር፣ ከዳር የተቀመጠ ሽማግሌ እሷን ጣል ያደርግና ዝም ይላል። አባባሏን የማያውቅ የለም። መነሻዋ ሲጠየቅ ግን አገሩ ለሁለት ይከፈላል።

የላይ ጨፌ ሰዎች፣ «ቢያድግልኝ የሚባል ፈረሰኛ ነበረ፤ የገዛ ፈረሱ አሽቀንጥሮ ጣለና ገደለው። ሚስቱ በምላሷ ባታድነው ኖሮ ያ ፈረስ የጅብ እራት ይሆን ነበር» ይላሉ። የታች ጨፌ ሰዎች ደግሞ፣ «ፈረሱ ምንም አላጠፋም፤ ታሞ እንኳ ጌታውን ሊሸከም የታገለ እንስሳ ነው። ቢያድግልኝን የገደለው የሰው እጅ ነው» ይላሉ። ሁለቱንም ወገን ደጋግሜ አዳምጫለሁ። የተማርኩት የእንስሳት ሕክምና ስለሆነ፣ ስለ እግሩ የሚሉትንም ከማውቀው ጋር አስተያይቻለሁ። ቀጥሎ የምጽፈው ሁለቱም ወገኖች አጥብቀው ሲጠየቁ የማይክዱትን ነው።

ጨፌ ውኃ የማይለየው ረግረጋማ ሜዳ ነው። በዚያ አገር የሚታረሰው በፈረስ ነው፤ ሙሽራ የሚመጣውም በፈረስ ነው። ሰው ሲሞትም ፈረሱ ለቅሶ ይወጣል። በሠልስቱ፣ ማለትም በሦስተኛው ቀን፣ የሟቹ ፈረስ ኮርቻው ተጭኖ፣ የጌታው ጋሻና ካባ በላዩ ተደርጎ፣ በለቀስተኛው መካከል ሦስት ጊዜ ይዞራል። ይህ ያማረ ወግ ነው። ከወጉ ጋር ግን አንድ ክፉ ልማድ ተጣብቆበት ነበር። ፈረሱ በዚያ ዙር ላይ ካነከሰ «ተናዘዘ» ይባላል። የጌታው ሞት በእሱ እንደመጣ በራሱ አፍ የተናገረ ያህል ይቆጠራል። እንዲህ ያለው ፈረስ ገፊ ነው፤ ባለቤቱን ወደ ሞት የሚገፋ። ሞቱ ለገዢው ይተላለፋል ስለሚባል አይሸጥም። አይጋለብም፤ አይታረስበትም። ከሜዳው ማዶ ካለው ገደል በታች ይወሰድና እግሩ ታስሮ ለጅብ ይተዋል።

ቢያድግልኝ የሞተው በሠርግ ቀን ነው። የአክስቱን ልጅ አጅበው ሙሽራ ሊያመጡ ከወጡት አሥራ ሁለት ፈረሰኞች አንዱ ነበር። የሙሽራይቱ ቤት ሲቃረብ ፈረሰኞቹ እንደ ወጉ ፈረሶቻቸውን ለግልቢያ ለቀቁ። ሴቶቹ እልል እያሉ ደጃፍ ወጥተው ይመለከታሉ። መሐል ሜዳ ላይ የቢያድግልኝ ዳማ ፈረስ በፊት እግሮቹ ድንገት ተደፋ። ቢያድግልኝ በጋማው ላይ ተወርውሮ በአንገቱ ወደቀ። ውኃ እንኳ አልጠየቀም። እልልታው ሳያልቅ ወደ ዋይታ ተለወጠ።

ዳማውን ወደዚያ ቤት ያመጣችው ሚስቱ እንጉዳይ ነበረች። ስትዳር አባቷ ዳማውን ገና ውርንጭላ ሳለ ሰጥቷት፣ የጨፌን ወንዝ በአንድ ቀን አብረው ተሻገሩ። ስለዚህ ዳማውን ገፊ ማለት እንጉዳይን ገፊ ማለት ነበር። ይህም ብቻ አይደለም። ቤቱ ያለው ሁለት ፈረስ ነው፤ ቀንበር ደግሞ ጥንድ ይፈልጋል። ዳማው ገደል ከወረደ የቀረው አንዱ ብቻውን አያርስም፤ ማሳው ጦሙን ያድራል፤ እንጉዳይም ከሦስት ሴቶች ልጆቿ ጋር የሰው እጅ ታያለች።

በሠልስቱ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ ዳማው ወደ ለቅሶው ክብ እንዲገባ ታዘዘ። ገመዱን የሚይዝ ሰው ጠፋ። ገና ሳይዞር ሰዉ ፈርቶታል። በመጨረሻ የሟቹ ታላቅ ወንድም አንዳርጌ ያዘው። አንዳርጌ ፈረስ በማሳመር የታወቀ ሰው ነው። በዓል ወይም ሠርግ ሲቃረብ የጨፌን ፈረሶች ሰኮና በካራው ይጠርባል፣ ስንጥቁን በሰም ይደፍናል፣ ከዚያ ጥላሸትና ቅቤ ለውሶ እየቀባ እንደ ቀንድ ዋንጫ ያበራዋል። ለዚህ ሠርግም ሳምንት ሲቀረው የወንድሙን ፈረስ ያሳመረው እሱ ነበር። በዚያ የለቅሶ ቀን እንኳ የዳማው አራቱ ሰኮናዎች ገና ያበሩ ነበር።

የመጀመሪያው ዙር ሳይጋመስ ዳማው ግራ የፊት እግሩን መርገጥ አቃተው። በሰኮናው ጫፍ ብቻ መሬቱን እየነካ፣ በረገጠ ቁጥር አንገቱን ወደ ላይ እየወረወረ ተንገታገተ። የቢያድግልኝ ጋሻ ከኮርቻው ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ሙሾው ተቋረጠ።

«ተናዘዘ!» አለ አንዳርጌ። ገመዱን ለቅቆ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እናንተ ሰዎች፣ በወንድሜ ለቅሶ ላይ ቆሞ ተናዘዘ!»

«ምነው ሰውየው ሳይሞት በፊት በተናዘዘ» አለ ደርሶ። ደርሶ በለቅሶም በሠርግም ምላሱ የማያርፍ ጎረቤት ነው። አንዲት አሮጊት በክርናቸው ጎሸም አደረጉት።

የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ ጓንጉል ይባሉ ነበር። በዕድሜያቸው ሦስት ፈረሶች ወደ ገደሉ እንዲወርዱ ፈርደዋል። በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ልማዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እኔ ከራሴ የምጨምረው የለኝም» አሉ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ከገደሉ በታች ይውሰዱት።»

«አይወሰድም!»

ድምፁ የመጣው ከሴቶቹ መካከል ነበር። እንጉዳይ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ተነሥታ ወደ ክቡ መጣች። ሴት ወደ ፈረሱ ክብ አትገባም። እሷ ግን ገባች፤ ገመዱንም ከመሬት አንሥታ ያዘች።

«እንጉዳይ» አሉ አባ ጓንጉል፣ «ኀዘን ላይ ነሽ፤ አልቆጣሽም። ተመለሺ ልጄ።»

«ኀዘን ላይ ስለሆንኩ ነው የማልመለሰው፣ አባ። ከትናንት በስቲያ ባሌን ቀበርኩ። ዛሬ ደግሞ ስሜን ልትቀብሩት ነው።»

«ስምሽን ማን አነሣው?»

«ዳማው ከማን ቤት መጣ?»

መልሱን ሁሉም ያውቀው ነበር።

አንዳርጌ ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሁለቱም ጨፌዎች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ አንዳርጌ ክፉ ሰው አልነበረም። «ስሚኝ እቴ፣ በእሱ ፈንታ ግራጫዬን ውሰጂ። ከደህናው ፈረስሽ ጋር ይጠመዳል፤ ማሳሽ ጦሙን አያድርም። ልጆቹ የወንድሜ ልጆች ናቸው። አንቺ ብቻ ‹ይሂድ› በይ።»

«ግራጫህ ደግ ፈረስ ነው፣ አያ አንዳርጌ። ነገር ግን ‹ይሂድ› ካልኩ ገፊ ከቤቴ እንደወጣ አመንኩ ማለት ነው። ነገ እነዚህን ልጆች ማን ደፍሮ ያገባቸዋል? ‹የገፊዋ ልጆች› እየተባሉ እቤቴ ሊያረጁ? አልልም።»

«ሲያነክስ ሁላችንም አየን እኮ! አንቺ አላየሽም?»

«አየሁ። ማነከሱንማ አየን። ለምን እንደሚያነክስ ያየ አለ? ከመካከላችሁ ጎንበስ ብሎ እግሩን ያነሣ ማን ነው?»

«የገፊ እግር ማን ያነሣል!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ብታነሺውስ ምን ታገኛለሽ?» አለ ደርሶ። «ከሰኮናው ሥር ተጽፎ ነው?»

«አዎን ተጽፏል። ማንበቢያው ዓይን ሳይሆን እጅ ነው እንጂ።»

እንጉዳይ የቀኝ እጇን መዳፍ ወደ መሬት አዙራ ዘረጋች፤ ከጣቶቿም መካከለኛዋን ለይታ ወደታች ቀሰረቻት።

«አባቴ ዕድሜውን በፈረስ እግር ሥር ጎንበስ ብሎ የጨረሰ ሰው ነው። ልጅ ሳለሁ ይህችን ጣቴን ይይዝና ‹ፈረስ በአንዲት ጣቱ ላይ የሚቆም ፍጥረት ነው› ይለኝ ነበር። ሰኮናው ጥፍሩ ነው። ቁርጭምጭሚት የምትሉት የጣቱ ሥር ነው። ጉልበት የምትሉት ደግሞ ለእኛ የእጃችን አንጓ ነው። ከዚያ በታች ሥጋ የሚባል የለውም፤ አጥንት፣ ጅማትና ቆዳ ብቻ። ሥጋ ስለሌለው ምንም መደበቅ አይችልም። የታመመ እንደሆነ ወይ ያብጣል ወይ ይግላል።»

ይህን ንግግሯን ላይ ጨፌም ታች ጨፌም በአንድ ቃል ያወሩታል። እኔም ከስንት ዘመን በኋላ ኮሌጅ ገብቼ የተማርኩት ከዚህ የራቀ አልነበረም።

እንጉዳይ ከዳማው ቀኝ እግር አጠገብ በርከክ አለች።

«የሚያነክሰው በግራው ነው!» አለ አንዱ።

«ዓይን አለኝ። መጀመሪያ የሚነካው ደህናው ነው። ደህናውን ያላወቀ የታመመውን በምን ያውቃል?» ከጉልበቱ ጀምራ እጇን ቀስ እያደረገች እስከ ሰኮናው አወረደች። ወደ ግራው ዞረችና እንዲሁ አደረገች። ከዚያ ቀና ብላ ሽማግሌውን ተመለከተች። «አባ ጓንጉል፣ ይምጡና ይንኩት።»

«አይነኩም!» የሚል ጩኸት ከየአቅጣጫው ተነሣ። «ኧረ አባ፣ ገፊ ነው! እጅዎን ይሰብስቡ!»

«ሰማንያ ዓመት ኖረው ምን ቀረብኝ ብለው ነው የሚፈሩት?» አለች እንጉዳይ።

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽ ቅጥ ይኑረው!»

«እጅዎን ይስጡኝ፤ አፌ ቅጥ ይኖረዋል።»

አባ ጓንጉል በትራቸውን ለደርሶ ሰጥተው ወደ ክቡ ገቡና በብዙ ችግር ተንበረከኩ። እንጉዳይ እጃቸውን ይዛ በቀኙ ሰኮና ላይ አሳረፈችው።

«ምን ይሰማዎታል?»

«ሰኮና ነዋ። እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው።»

«ግራውስ?»

ሽማግሌው የግራውን በነኩ ጊዜ እጃቸውን ሳብ አደረጉ። እንደገና ነኩት። «ይህስ ከምድጃ የተነሣ ጉልቻ ነው!»

«አሁን ከቁርጭምጭሚቱ በስተኋላ፣ ከጅማቱ ጎን፣ ሁለት ጣትዎን ያሳርፉ። አይጫኑት።»

አባ ጓንጉል ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይመታል» አሉ ቀስ ብለው። «ደሙ በኃይል ይመታል።» ሳትነግራቸው ራሳቸው ወደ ቀኙ ዞሩና ፈለጉት። «በዚህኛው ግን ይህን ያህል አይሰማኝም።»

«ጅማቱ አላበጠም፤ አጥንቱም ደህና ነው። እሳቱ ያለው ከጥፍሩ ውስጥ ነው።»

ተነሥታ ትከሻዋን ከዳማው ትከሻ ጋር አገጠመች። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለውን ጅማት በሁለት ጣቷ ጨበጥ ስታደርገው ፈረሱ እግሩን ሰጣት። ሰኮናውን ገልብጣ በጭኗ ላይ አሳረፈችው። የሰኮናው ሥር በመካከሉ እንደ ማረሻ ጫፍ ወደ ፊት የሾለ ለስላሳ ክፍል አለው፤ ግራና ቀኙ ሰርጎድ ያለ ነው። ያ ሁሉ በጥላሸት ተለስኖ ያብረቀርቃል። ጠጠር አንሥታ ዙሪያውን ቀስ እያለች መታ መታ አደረገችው። ዳማው ዝም አለ። ከሾለው ክፍል ጎን ያለውን ስትመታው ግን እግሩን በኃይል ስለነጠቃት ልትወድቅ ደረሰች።

«እዚህ ላይ ነው። አያ አንዳርጌ፣ ካራህን ስጠኝ።»

አንዳርጌ ካራውን ከወገቡ መዝዞ ሰጣት።

እንጉዳይ ጥላሸቱን ፋቀች። ከሥሩ ቢጫ ነገር ብቅ አለ። በካራው ጫፍ ፈንቅላ ስታወጣው የባቄላ ፍሬ የሚያህል የሰም ውታፍ ነው። ወዲያው ከቀዳዳው ጥቁር መግል ፈልቆ የለቅሶ ነጠላዋን አበላሸው፤ ሽታው የፊተኞቹን ለቀስተኞች ወደኋላ አስሸሻቸው። እሷ አልሸሸችም። መግሉን ጨምቃ ከጨረሰች በኋላ የካራውን ጫፍ እንደገና አስገብታ እንደ ምላጭ የሰላ የባልጩት ስባሪ አወጣች፤ በአባ ጓንጉልም መዳፍ ላይ አኖረችው።

እግሩን ስትለቅለት ዳማው መጀመሪያ የሰኮናውን ጫፍ አሳረፈ። ጥቂት ቆየ። ከዚያ ሙሉውን ረገጠና በረጅሙ ተነፈሰ። በአራት እግሩ ቆመ።

«ይኸው የዳማው ኑዛዜ» አለች እንጉዳይ።

የላይ ጨፌ ሰዎች ትረካቸውን እዚህ ላይ ማቆም ይወዳሉ። የቀረው ግን ከዚህ የሚከብደው ነው። አንዳርጌ ጎንበስ ብሎ የወደቀውን የሰም ውታፍ አነሣ። በላዩ ላይ የአውራ ጣት ምልክት አለበት። ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አየው።

«ሰሙ የእኔ ነው» አለ። ማንም አልጠየቀውም ነበር። «ቀዳዳ አየሁ፤ ስንጥቅ መሰለኝ። ሠርግ ነው፣ እንዲያምርለት ብዬ ደፈንኩት። መርምሬ አላየሁትም።»

«ወንድሙን የበላ እሱ ነዋ!» አለ አንድ የቢያድግልኝ አጎት። «ደሙን ይጠየቅ!» አለ ሌላው። ቅድም በፈረሱ ላይ የተቀሰሩት ጣቶች አንድ በአንድ ወደ አንዳርጌ ዞሩ።

«ለካ ገፊው በሁለት እግሩ የሚሄድ ኖሯል!» አለ ደርሶ።

«ዝም በል፣ ደርሶ!» እንጉዳይ ካራውን በእጇ እንደያዘች ዞረችበት። «ሌላ ፈረስ አገኛችሁ አይደል? ገደሉ ባዶውን እንዳያድር ነው?»

ደርሶ ወደኋላ አፈገፈገ። እሷ ግን አልጨረሰችም ነበር፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ እንጂ።

«የሠርጉ ዕለት ማለዳ፣ ዳማው ከደጃፍ ሲወጣ እርምጃው አጥሮ አየሁት። ለቢያድግልኝ ነገርኩት። ‹ሲሄድ ይሟሟቃል፤ ጓደኞቼ ቀደሙኝ› አለኝ። እኔ የአባቴ ልጅ ነኝ። ጎንበስ ብዬ እግሩን ማንሣት እችል ነበር። አዲስ ቀሚስ ለብሼ ስለነበር እንዳይቆሽሽብኝ ብዬ ተውኩት።»

ከሴቶቹ መካከል አንዷ ማልቀስ ጀመረች። እንጉዳይ አላለቀሰችም። ካራውን አገላብጣ በእጀታው በኩል ለአንዳርጌ መለሰችለት።

«እንግዲህ ስሙኝ። አያ አንዳርጌን አልከስም። ባሌንም በመቃብሩ አልከስም። ዳማውን ግን ማንም አይነካብኝም። ሰኮናው እስኪሽር ደረቅ ጋጣ ውስጥ አቆየዋለሁ፤ ክረምት ሲገባ አርስበታለሁ፤ ልጆቼም ሲዳሩ በእሱ ላይ ተቀምጠው ይሄዳሉ። ወደ ገደል የሚያወርደው ካለ እኔን አስቀድሞ ያውርድ!»

ያው የቢያድግልኝ አጎት ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ልማዱስ፣ አባ? የአባቶቻችን ልማድ በሴት ቃል ሊሻር ነው?»

አባ ጓንጉል ገና ከፈረሱ አጠገብ በርከክ እንዳሉ ነበር። በመዳፋቸው ላይ ያለውን ባልጩት ተመለከቱ።

«በእኔ ቃል ሦስት ፈረሶች ወደ ገደሉ ወርደዋል» አሉ። «አንዱ የእመት ጣይቱ ግራጫ ነበር። አንዱ የገዛ አጎቴ ፈረስ። ሲያነክሱ አየሁ፤ ፈረድኩ። የአንዳቸውንም እግር አላነሣሁም። ዛሬ ማታ ስተኛ የማስበው እነሱን ነው።»

ደርሶ በትራቸውን ሊያቀብላቸው እጁን ዘረጋ። እሳቸው በትሩን ትተው የዳማውን ገመድ ከእንጉዳይ እጅ ተቀበሉና ፈረሱን ራሱን ተደግፈው ተነሡ። ፈረሱ ክብደታቸውን ችሎ አልተነቃነቀም።

«ፍርዴን ሁላችሁም ስሙ» አሉ፣ ድምፃቸው እስከ ሜዳው ዳር እንዲሰማ ከፍ አድርገው። «በቢያድግልኝ አርባ ቀን ዳማው ድኖ ይህን ክብ ሲዞር፣ ገመዱን የምይዘው እኔ ጓንጉል ነኝ። ከእንግዲህ በዚህ ሜዳ በፍርድ የሚቀመጥ ሰውም ይህን ይዞ ይቀመጥ፦ እግሩን ያላነሣ፣ ፈረሱን አይክሰስ።»